ውሎ እንዴት ትዝታ ይሆናል?

ከጧት እስከ ማታ ያለው ጊዜ አንድም ቦታ ላይ ሳይቋረጥ ያልፋል። ይሁን እንጂ «ትናንት እንዴት ዋልህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ውሎውን ደቂቃ በደቂቃ አይተርክም፤ «ቁርስ በላሁ፤ ሥራ ገባሁ፤ ማታ ከጎረቤት ቡና ጠጣሁ» እያለ በየክፍሉ ለይቶ ይናገራል እንጂ። ያልተቋረጠውን ጊዜ እንዲህ የከፋፈለው ማን ነው?

ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ሲመረምሩ ቆይተዋል። ዳረን ኒውትሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ፊልም እያዩ አንዱ ድርጊት አልቆ ሌላው ሲጀምር ምልክት እንዲሰጡ አደረገ። ተመልካቾቹ ሳይመካከሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ተስማሙ። ጄፍሪ ዛክስና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት፣ ሰው ምልክት እንዲሰጥ ባይጠየቅም እንኳ በእነዚያ የድርጊት ወሰኖች ላይ የአንጎሉ ሥራ ከፍ ይላል።

ምክንያቱን ሲያስረዱም፣ አንጎል ቀጥሎ የሚመጣውን ዘወትር አስቀድሞ ይገምታል ይላሉ። ቦታው፣ ሰዉ ወይም ዓላማው ሲለወጥ ግምቱ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ያለፈውን ክፍል ዘግቶ አዲስ ይከፍታል። የተዘጋውን ክፍል በትዝታ ለማኖር የሚያገለግለው፣ በአንጎል ውስጥ በግራና በቀኝ የሚገኘው ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ነው፤ ስሙም በግሪክኛ የባሕር ፈረስ ማለት ነው። ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ የሚጥል በሽታውን ለማዳን ሲባል እ.ኤ.አ. በ1953 ይህ የአንጎሉ ክፍል በአብዛኛው ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ አዲስ የገጠመውን ነገር በትዝታው ሊያኖር አልቻለም።

አባቶቻችን ይህን በመሣሪያ ባይመረምሩትም በማስተማር ሥራቸው ያውቁት ነበር። እኛ በልጅነታችን ዳዊት ስንማር 150ው መዝሙር እንደ አንድ ሸክም አልተጫነብንም፤ አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» እየተባለ ተከፍሎ ነበር። ውዳሴ ማርያምም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል። ዛሬ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ስናስተምርም ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ከመሻገራችን በፊት ደብተር አስዘግተን ያለፈውን በቃል እናስነግራለን። በወሰኑ ላይ የተነገረ ነገር ሲቆይ እናያለንና።

እኛ በምንኖርበት በልደታ ሰፈር ግን ስለ ወሰን ይበልጥ ያስተማረን ሌላ ነገር ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው ፎቆች ቆሙ፤ ጎረቤቶቻችንም ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ተበተኑ። ከነዚህ አንዷ የክርስትና እናታችን ናቸው። እኒህ እናት የሰፈሩን ሠርግና ልቅሶ የሚያስታውሱት በበዓልና በደጅ ነበር፤ «የእገሌ ሠርግ ለአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው፤ ድንኳኑም ከእገሊት ደጅ ተተክሎ ነበር» ይሉን ነበር። ከሰፈር በወጡ በዓመቱ በፎቅ ቤታቸው ልንጠይቃቸው ብንሄድ ግን «ልጄ፣ ዓመቱ ወዴት እንደ ገባ አላውቅም፤ ቀኑ ሁሉ አንድ ሆነብኝ» አሉን።

እርጅናም የበኩሉ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን የጎረቤቱ ደጅ፣ የቡናው ተራ፣ ወደ ልደታ ማርያም የሚወስደው የማለዳ መንገድ ቀኑን ከቀን የሚለዩላቸው ወሰኖች ነበሩ። ወሰኑ ሲጠፋ ቀኖቹ ተቀላቀሉ። በሚከተለው ግንቦት 1 ቀን፣ እንደ ቀድሞው የልደታ ልማድ፣ ንፍሮ ቀቅለው የማያውቋቸውን ጎረቤቶች ከደረጃው ሥር ሰበሰቡ። ዛሬ ስለዚያ ቤት ሲያጫውቱን ነገራቸውን የሚጀምሩት «ንፍሮውን ከቀቀልሁ ወዲህ» ብለው ነው።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ቀን ወሰን አብጁለት። ከጧት እስከ ማታ በአንድ ወንበር ላይ ስልክ ይዞ የዋለ ልጅ ብዙ ነገር ያያል፤ ነገር ግን ቦታውም ሰዉም ዓላማውም ስላልተለወጠ ማታ የሚናገረው ጥቂት ነው። ማዕድ ሲቀርብ ስልኩ ይቀመጥ፤ ልጁ እስከ ደጅ ድረስም ቢሆን ይላክ፤ ከመኝታ በፊትም «ዛሬ ምን ጀመርህ? ምን ጨረስህ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ከቀድሞ ሰፈራቸው የራቁትን አረጋውያንም «ድሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ በደፈናው አትጠይቋቸው። «የዚያን ዓመት ጥምቀት ከማን ጋር ወረዳችሁ? ስትመለሱስ ከማን ቤት ገባችሁ?» በሏቸው። ጥያቄው በበሩ ከገባ ትዝታው ከቤት አይታጣም።