የ1955 ግንቦት፣ ከፒያሳ እስከ ካን

የ1955ን ግንቦት የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የአፍሪካ መሪዎችን ነው። እውነት አለው። እኛ የአራት ኪሎ ተማሪዎች ትንንሽ ባንዲራ ይዘን ፀሐይ ላይ ተሰልፈን፣ ንክሩማህ የትኛው ነው፣ ናስር የትኛው ነው እያልን ስንጨቃጨቅ ውለናል። ግንቦት 17 ቀን የ32 አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአፍሪካ አዳራሽ ተፈረመ፤ ሚርያም ማኬባም መጥታ ዘፈነች። ይህ ሁሉ ተደጋግሞ ተጽፏል። ያልተጻፈው በዚያው ወር፣ ባሕር ማዶ፣ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ያስነሳው ሁካታ ነው።

ያኔ ሲኒማ ማለት ለእኛ ፒያሳ ነበር። ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን ዳገቱን ወጥተን፣ ወይ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይ ሲኒማ ኤምፓየር። በር ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። ርካሹ ወንበር ከፊት ስለሆነ አንገታችን እስኪቀጭ አንጋጠን ነበር የምናየው። ፊልሙ ሲበጠስ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል፤ ማሽን የሚያዞረው ሰውዬ ስድቡን ችሎ እስኪቀጥለው ድረስ ጨለማው ውስጥ የማይባል ነገር የለም። እንግሊዝኛ እችላለሁ ባይ አንድ ጎረምሳ ጮክ ብሎ ይተረጉማል፣ ግማሹን ከራሱ ፈጥሮ። የካውቦይ ፊልም ከሆነ አክተሩ እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥይት በሳተው ቁጥር ግን እንደ አዲስ እናጨበጭባለን። የህንድ ሲሆን ደግሞ ለቅሶ ነው። የፈረንሳይ ፊልም የሊሴና የአሊያንስ ልጆች ወሬ ነበር፤ እኛም እንደ ጉራ ቆጥረን እናልፈው ነበር።

ታዲያ ከግንቦት 1 እስከ 15 በተካሄደው የካን ፌስቲቫል ፈረንሳይን ወክለው ከቀረቡት ፊልሞች አንዱ ‘ሌዛቢስ’ ይባላል። ዳይሬክተሩ ኒኮስ ፓፓታኪስ ነው። በ1910 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደ፣ አባቱ ግሪክ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት። ጣሊያን ሲወረን ከኛ ወገን ሆኖ ተዋግቷል። ከዚያ ስደት ሆነ፤ በሊባኖስና በግሪክ አድርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ፓሪስ ገባ። ከጦርነቱ በኋላ ሮዝ ሩዥ የተባለውን የታወቀ የምሽት ክበብ የመራው እሱ ነው። ተዋናይት አኑክ ኤሜን አግብቶ ነበር። ጀርመናዊቷ ዘፋኝ ኒኮ እንኳ የመድረክ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ስም ነው። (‘ጉማ’ን የሠራው ሚሸል ፓፓታኪስ ሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ስላሉ ነው።)

‘ሌዛቢስ’ የሁለት እህትማማች የቤት ሠራተኞች ታሪክ ነው። ደመወዛቸው ሳይከፈል የኖሩ ሁለት ሴቶች ቤቱን በጩኸት ያተራምሱታል፣ ዕቃውን ይሰባብሩታል፣ መጨረሻቸውም ደም ነው። መነሻው በ1933 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ለ ማን ከተማ የተፈጸመ እውነተኛ ግድያ ነበር። ፊልሙ ለካን የበቃው የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ስለደገፉት ነው። ሲታይ ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። ጸሐፊዎቹ ሳርትር፣ ሲሞን ደ ቦቯርና ዣን ዠኔ በጋዜጣ ወጥተው ተከላከሉለት። የፌስቲቫሉ ትልቁ ሽልማት ግን ለጣሊያናዊው ዳይሬክተር ቪስኮንቲ ሄደ።

ብዙዎች በእነዚያ ሠራተኞች ቁጣ ውስጥ የአልጄሪያን ጦርነት አዩበት። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ያ ክርክር ገና ትኩስ ሳለ፣ የአልጄሪያው ቤን ቤላ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ገና ነፃ ላልወጡት ወንድሞቻችን እኛም ጥቂት እንሙት እያለ ይናገር ነበር። አንዱን ነገር አንዱ በፊልም፣ ሌላው በንግግር አቀረበው፤ ንግግሩ የተደረገው የፊልሙ ባለቤት በተወለደበት ከተማ ነው። እኛ ግን ስሙን እንኳ አልሰማንም።

ሰምተን ቢሆንስ? ፊልሙ ፒያሳ ይታይ ነበር አልልም። በዚያን ጊዜ ሳንሱር ነበር፤ ገረድ እመቤቷን ስትገድል የሚያሳይ ፊልም ያሳልፋል ብዬ አላምንም። ደመወዝ የማታገኝ ልጅ ያላደረችበት የደህና ሰው ቤትም ብዙ አልነበረም። የራሳችን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ‘ሂሩት አባቷ ማነው’ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1957 ነው፤ እሱንም ዳይሬክት ያደረገው ግሪክ፣ ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር። የፒያሳ ግሪኮች ለሲኒማችን የዋሉትን ውለታ በወጉ ጽፎ ያኖረልን የለም።

ፓፓታኪስ በ2010 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ከ‘ሌዛቢስ’ በኋላ አራት ረጅም ፊልሞችን ሠርቷል። የድሮው ፒያሳ አብዛኛው በእኛ አቆጣጠር በ2016 ፈርሷል፤ ፊልም ግን አይፈርስም። አሊያንስም ሆነ ብሔራዊ ቴአትር አንድ ሳምንት ይመድብለትና አምስቱንም ያሳየን። የትኬቱን ዋጋ ከፍሎ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ከወዲሁ አላችሁ።