ሰዓት የማያውቅ ሰማይ

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ሐዋሳ ሐይቅ ላይ መረብ ሲጥሉ ነው። ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ፀሐይዋ ሳትጠነክር ቆሮሶውንና አምባዛውን ይዘው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ይደርሳሉ። «ጠዋት ውሃው ተኝቷል፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ ነፋሱ ይነሣል» ይሉኝ ነበር። እኔም ከሰፈር ልጆች ጋር ታቦር ተራራ ስወጣ በዚሁ ሕግ ነበር የምሄደው። የጠራ ጠዋት ዋስትና ነው፤ እስከ ቀትር ድረስ ሰማዩ አይከዳም።

ስኮትላንድ፣ ግላስጎው የገባሁት ይህን ሕግ ይዤ ነው።

የመጀመሪያው ክረምቴ ከባድ ነበር። በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሲጨልም ወደ ሥራ ሄጄ ሲጨልም እመለሳለሁ። መጋቢት ገብቶ ብርሃኑ መርዘም ሲጀምር የከተማው ሰው ሁሉ እንደ ተፈታ እስረኛ ወደ ተራራ ይነጉዳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቤን ሎሞንድ እንውጣ አለኝ። ከፍታውን ስጠይቀው «974 ሜትር» አለኝ። እኔ የተወለድኩት ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሐይቅ ዳር ነው። የመላው ብሪታንያ ረጅሙ ተራራ ቤን ኔቪስ እንኳ 1,345 ሜትር ነው፤ ወስደው ሐዋሳ አጠገብ ቢያቆሙት ጫፉ ከሐይቃችን ወለል ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ስስ ጃኬትና የስፖርት ጫማ አድርጌ ሄድኩ።

ሮዋርዴናን የሚባለው መነሻ ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ሎሞንድ ሐይቅ እንደ መስታወት ረግቷል፤ ፀሐይ ወጥታለች። አጎቴ ትዝ አሉኝ። ውሃው ተኝቷል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ወጥተን እንወርዳለን ብዬ አሰብኩ። ወደ 600 ሜትር ስንጠጋ መንገዱ በረዶ ለበሰ። ቀን ፀሐይ ያለሰለሰችው በረዶ ሌሊት ተመልሶ ሲረጋ ጠዋት እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል፤ ጫማዬ ሊይዘው አልቻለም። ከዚያ ከምዕራብ በኩል ግራጫ ነገር መጣና ሐይቁን ሸፈነው፤ ቀጥሎ ከፊቴ ያለውን ጓደኛዬን ሸፈነው። ሰዓቱ ገና አራት ተኩል ነበር። ነፋሱ ከጎን ሲመታኝ ተንበረከክሁ። ጓንት ስላልነበረኝ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ የጃኬቴን ዚፕ ለመዝጋት ብሞክር አልታዘዝ አሉኝ። የፈራሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ብርዱ ሳይሆን የገዛ እጄ የሌላ ሰው እጅ መምሰሉ ነው ያስፈራኝ።

ከላይ የሚወርዱ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አገኙን። ትርፍ ጓንታቸውን አውጥተው እጄ ላይ ራሳቸው አጠለቁልኝና «የዛሬውን የተራራ ትንበያ አንብባችሁ ነው የወጣችሁት?» አሉን። ዝም አልን። «በሉ፣ ከእኔ ጋር ውረዱ» አሉ። ወረድን። ጓንቱን ልመልስ ብል አልቀበልም አሉኝ፤ ዛሬም የምወጣው በእሱ ነው።

ያን ቀን የተሳሳትኩት ስለ ቁመት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ሰዓትም ነበር። የአጎቴ ሕግ እውነት ነው፤ ግን የሐዋሳ እውነት ነው። እኛ ዘንድ የሰማዩ ጌታ ፀሐይ ናት። ረፋዱ ላይ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ይነሣል፣ ከሐይቁ በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊተካ ይሮጣል፤ ያ ነው የከሰዓት ነፋስ። የበልጉም ዝናብ ብዙ ጊዜ በዚሁ ሥርዓት ይመጣል፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት የሚከመር ደመና፣ ምሽት ዶፍ። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የባሌው ሳነቴ አምባ እንኳ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጋግርና ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይለቀዋል። የእኛ ተራራ ሰዓት ያከብራል።

ስኮትላንድ ግን ከምድር ወገብ ርቃ፣ 56 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ አፍ ላይ ተቀምጣለች። የዚህ አገር ነፋስ ከአካባቢው ሙቀት አይወለድም፤ ውቅያኖሱ ላይ ከሚሽከረከሩ ዝቅተኛ የአየር ግፊቶች ተነሥቶ ይመጣል። እነሱ ደግሞ ቀንና ሌሊት አይለዩም። የጠራው ጠዋት በሁለት ማዕበል መካከል ያለ ክፍተት ሊሆን ይችላል። መጋቢት ደግሞ አታላይ ነው፤ ከታች ሣሩ አረንጓዴ፣ ከላይ ገና ክረምት። እስከ ዛሬ በብሪታንያ ተራራ ላይ የተመዘገበው ኃይለኛ የነፋስ ሽውታ በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ኬርን ጎርም ጫፍ ላይ የተለካው እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1986 ነው፤ በእኛ መጋቢት 11 ቀን 1978 ዓ.ም.። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በዚያው ሰሞን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። የተራራ አየር ሁኔታ መረጃ አገልግሎት የሚባል ድርጅት ተራራ ለሚወጡ ሰዎች በየቀኑ ትንበያ ያወጣል። የሚገርመኝ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ነፋሱ ምን ያህል እንደሆነ ተናግሮ አያቆምም፤ ነፋሱ አንተ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለብቻው ይጽፋል፦ መራመድ ያስቸግራል፣ ሚዛን ያስታል፣ መቆም አይቻልም። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋህ ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ጫፉ ከደመና ነፃ የመሆኑን ዕድል በመቶኛ ያስቀምጣል፤ ውሃ ከስንት ሜትር በላይ እንደሚረጋም ይናገራል። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛልና ከተማው ውስጥ ደስ የሚል 8 ዲግሪ ሲሆን ላይ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል፤ ዜሮው ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲጨመርበት ገላ የሚሰማው ከዜሮ በታች 9 ያህል ነው።

ሁለተኛው የማነበው የስኮትላንድ የበረዶ ናዳ መረጃ አገልግሎትን ነው፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ስድስት ተራራማ አካባቢዎችን ይከታተላል። ነፋስ በረዶን ከሚመታው ጎን ጠርጎ ከጀርባ ይከምረዋል። እዚህ አዘውትሮ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ክምሩ ያለው በሰሜን ምሥራቁ ጎን ነው፤ ከገደሉ አፍ አልፎ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ይንጠለጠላል፤ በጉም ውስጥ የሚሄድ ሰው መሬት መስሎት ይረግጠዋል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ማስረዳት ከባድ ነው። «በረዶ ወረደ» ስላት «ምነው ልጄ፣ የዘሩትን መታባቸው?» ትለኛለች። በእሷ ዘንድ በረዶ በዶፍ መካከል ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደው ነው። ድምፅ የሌለው፣ ለሳምንታት የሚቆይ፣ ከተራራ የሚናድ በረዶ የምገልጽበት አንድ ቃል እስካሁን አላገኘሁም። አመዳይ አይደለም፤ ውርጭም አይደለም። ስለዚህ በረጅሙ አወራላታለሁ።

ለአጎቴ ግን ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ቤን ኔቪስ ጫፍ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1904 ሰዎች በድንጋይ ቤት እየኖሩ ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ ሙቀቱን፣ ነፋሱንና ግፊቱን ይመዘግቡ እንደነበር ነገርኳቸው። በዓመት አማካይ ሙቀቱ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከሐይቃችን በታች በሚውል ከፍታ! እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ ቻርልስ ዊልሰን የሚባል ወጣት ሳይንቲስት ለሁለት ሳምንት ሊያግዛቸው ወጥቶ ፀሐይ ደመና ላይ የምትሠራውን ባለቀለም ቀለበት አየ፤ ያንን በላቦራቶሪ ልሥራው ብሎ የጀመረው ሥራ በ1927 ኖቤል አሸለመው። አጎቴ ስለ ኖቤሉ ምንም አላሉም። «ሌሊትም እየወጡ ይጽፉ ነበር?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። «በማዕበል ጊዜ በገመድ ታስረው ጭምር» አልኳቸው። «እነሱስ ሥራ ያውቃሉ» አሉ።

አሁን ዓርብ ማታ ልማድ አለን። እዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሐዋሳ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። የቅዳሜውን ትንበያ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የሐይቁን ይነግሩኛል። ባለፈው ዓርብ ወደ ግሌንኮ ልንሄድ ነበር። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ ሽውታው በሰዓት እስከ 90 ኪሎ ሜትር፣ ጫፉ የመታየት ዕድሉ 10 በመቶ ብዬ አነበብኩላቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከኋላቸው በልጉ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው?»

«ሰዓት የለውም፣ ጋሼ። ሌሊቱን ሙሉ ነፍሶ ነው የሚያድረው።»

«እንግዲያው ያ የነገርከኝ ክምር በሰሜን ምሥራቁ በኩል ይሆናላ» አሉኝ፤ በረዶውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። «በታችኛው መንገድ ሂዱ።»

በታችኛው መንገድ ሄድን።