ታንኳም ሌንስ ነው

«እታለም፣ ያ የላክሽው ሌንስ መንገድ ላይ ሳይጎዳ አልቀረም። የማነሳው ሁሉ ዙሪያው ጥቁር፣ መሀሉ ክብ ሆነብኝ። በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቄ የማይ ነው የሚመስለኝ።»

ታናሽ ወንድሜ ከባሕር ዳር በቴሌግራም የላከልኝ ድምፅ ነው። እኔ ያን ጊዜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሥራ ልገባ ስል መኪና ውስጥ ነበርኩ። ሌንሱ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰው ሲሄድ አገኘሁና በካልሲ ጠቅልዬ ላክሁት እንጂ ስለ አሠራሩ አንድ ቃል አልነገርኩትም።

ውጭ አገር ያለን ሰዎች ይህን ነገር እናውቀዋለን። «ሰው ሲመጣ ለካሜራዬ ዙም የሚያደርግ ነገር ላኩልኝ» ይባላል፤ እኛም ርካሽ ያገኘነውን ገዝተን ሻንጣ ጥግ እንወትፋለን። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ስሙ የማይታወቅ፣ ላዩ ላይ «2X» የተጻፈበት ሌንስ ነበር። ቤቴ መስኮት ላይ ስሞክረው የጎረቤቴ የቆርቆሮ አጥር ሐምራዊ ጠርዝ አወጣ። ያ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ለወንድሜ የሄደው ሁለተኛው፣ ለካሜራው ተብሎ የተሠራው ነው።

ጋሊልዮ በቱቦ ጫፍ

የወንድሜ ካሜራ ካነን ፓወርሾት ኤ620 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ 7.1 ሜጋፒክስል ያለው፣ ከሱቅ በሚገዛ አራት ተራ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ካሜራ። ከዚህ ከአሮጌ ዕቃ መደብር ነው ያገኘሁት። ሌንሱ አይፈታም፤ በፊልም ካሜራ ልክ ሲሰላ ከ35 እስከ 140 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ነገር ግን ሌንሱን የከበበችው ቀለበት ትነሳለች። በቦታዋ አዳፕተር የሚባል ቱቦ ይታሰራል፤ ከቱቦው ጫፍ ላይ ደግሞ 58 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ማንኛውም ሌንስ ይጠመዘዛል።

ቴሌኮንቨርተር የሚሉት አቅራቢ ሌንስ የተሠራበት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጋሊልዮ በ1609 ወደ ሰማይ ካነጣጠረው መነጽር ጋር አንድ ነው፤ ፊቱ ላይ ሆዱ ያበጠ መስታወት፣ ኋላው ላይ ሆዱ የጎደጎደ መስታወት። ከሩቅ ትይዩ ሆኖ የገባው ብርሃን ትይዩ ሆኖ ይወጣል፤ የሚለወጠው ምስሉ መተለቁ ነው። የወንድሜ 1.75 እጥፍ ያጎላል። 140 በ1.75 ሲባዛ 245 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ትልልቆቹ ካሜራዎች ላይ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ሌላ ዓይነት ኮንቨርተር አለ። እሱ ብርሃን ይበላል፤ ባለ 2 እጥፉ ከአራት እጅ አንዱን ብቻ ነው የሚያስተርፈው። ከፊት የሚጠመዘዘው ግን ብርሃን ብዙም አይቀንስም። ለዚህ ሲባል ፊቱ ሰፊ መሆን አለበት፤ ትንሹ ካሜራ ላይ ሲታሰር ሕፃን የአባቱን ባርኔጣ የደፋ የሚያስመስለው ይኸው ነው።

ታዲያ ጥቁሩ ክብ ከየት መጣ? ካሜራው ዙም ሳያደርግ ሲቀር ሰፊውን ዓለም ለማየት ይሞክራል፤ የሚያየው ግን የቱቦውን ግድግዳ ነው። መፍትሔው አንድ ነው፤ ዙሙን እስከ መጨረሻው መግፋት። ተጨማሪው ሌንስ ሥራ የሚጀምረው የካሜራው የራሱ አቅም ካለቀበት ቦታ ነው።

«መጀመሪያ ነው የሚነገረው እኮ!» አለኝ ወንድሜ። እውነቱን ነው።

ሌላም ዕዳ አለበት። ፍላሹ ሲበራ ሌንሱ ጥላውን ያጠላል። በትንሿ የመመልከቻ ቀዳዳ ሲያዩ ቱቦው ይጋርዳል፤ ስለዚህ በስክሪኑ ማየት ግድ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። የድሮ ፎቶ አንሺዎች መመሪያ 245 ሚሊ ሜትር ላይ ሹተሩ ከሴኮንድ 1/250 እንዳይዘገይ ይላል። ታንኳ ላይ ከሆኑ 1/500ም አይበዛም።

ኮኖዊንጎ እና ጣና

ወንድሜ ያን ሌንስ የፈለገው ለንስር ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ዓሣ አዳኝ ንስር አለ፤ ራሱ፣ ደረቱና ጅራቱ ነጭ፣ ሆዱ የደረቀ ደም የመሰለ ቡናማ። ድምፁን የሰማ አይረሳውም።

እኔም እዚህ ንስር አለኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዱ፣ ሳስኩዊሃና ወንዝ ላይ በ1928 የተጠናቀቀው የኮኖዊንጎ ግድብ ይገኛል። በተርባይኖቹ ያለፉ ዓሦች ደንዝዘው ከግድቡ በታች ይንሳፈፋሉ፤ ነጭ ራስ ያላቸው የአሜሪካ ንስሮች ይህን ስለሚያውቁ በኖቬምበር ይሰበሰባሉ። ከእነሱ ጋር ፎቶ አንሺዎች ይሰበሰባሉ። የመኪና ማቆሚያው ዳር ትራይፖድ ከትራይፖድ ተነካክቶ ይቆማል፤ ላያቸው ላይ የክንድ ርዝመት ያላቸው ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንሶች አሉ። አንዱ ብቻውን ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣል።

እዚያ መጀመሪያ የቆምኩ ቀን አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ የጠየቁኝ ስሜን አልነበረም። «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» አሉኝ። ለሁለት ቀን የተከራየሁት መሆኑን ስነግራቸው ሳቁና ስለ ሹተር መከሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ቡናቸውን አካፍለውኛል። ግን ለሦስት ሰዓት ጎን ለጎን ቆመን የት ተወለድሽ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ወንድሜ ጣና ዳር በማለዳ ሲቆም ያገኙት ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ካሜራውን ከነመኖሩም አላዩትም። «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። አባታችንን ጠቀሰ። ሰውዬው ጥቂት አሰቡና የአያታችንን ሰፈር ራሳቸው ነገሩት። ከዚያ በኋላ «ንስሩን ከዚህ ሆነህ ምን ታየዋለህ፣ ና ግባ» ብለው ታንኳቸው ላይ አስቀመጡት።

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። ንስሩ ዛፍ ላይ ሆኖ ከዳር 50 ሜትር ይርቃል እንበል። ቴሌኮንቨርተሩ ምስሉን በ1.75 እጥፍ ያሳድገዋል። ታንኳው ከ50 ሜትር ወደ 15 ሜትር ቢያስጠጋው ግን ምስሉ ከ3 እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ያውም ምንም ጠርዝ ሳያደበዝዝ፣ ቀለም ሳያፈስ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ወደ 6 እጥፍ ይጠጋል። 70 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ወፍ በዚያች ትንሽ ካሜራ ፎቶ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ቁመት ይይዛል ማለት ነው። የታንኳው ዋጋ አንድ ሰላምታ፣ የአባት ስምና ሦስት ማለዳ ነበር።

የእኔ ፎቶ የእያንዳንዱን ላባ ዘንግ ያሳያል። የእሱ ላይ ንስሩ ነጭ ራሱን ወደ ሰማይ ሲያቀና ዙሪያው ላይ ቀጭን ሐምራዊ መስመር አለ፤ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ አንድ ደረጃ አጥብቦ ቢያነሳ ይቀንስ ነበር። ግን የእሱ ንስር ወደ እሱ ያያል። የእኔው ወደ ዓሣው።

ይህን ስል አገር ቤት ያለው ሁሉ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ኮኖዊንጎ ላይ ማንም ወደ ወፎቹ የማይጠጋው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ አጥር አለ፣ ከ1940 ጀምሮ ይህን ንስር ማወክን የሚከለክል ሕግም አለ። እዚህ ረጅም ሌንስ የሚገዛው ርቀቱ መከበር ስላለበት ጭምር ነው። ስለዚህ ወንድሜን «ጎጆው አጠገብ ግን እንዳትሄድ፤ እናቲቱ ከተነሳች ጫጩቶቹን ፀሐይ ይመታቸዋል» አልኩት።

«አውቃለሁ እታለም፤ ሰውዬውም አልወሰዱኝም። ጎጆው ባለበት በኩል አንቀዝፍም አሉኝ» ብሎ መለሰልኝ። ሕግ ሳይጻፍላቸው ያውቃሉ።

አሥራ ሰባት ዓመት እና አንድ መስከረም

ስለ ሩቁ ይህን ካልኩ ስለ ቅርቡም ልጨምር። በ2021 ሜይ መጨረሻ ላይ የሲልቨር ስፕሪንግ ዛፎች በሲካዳ ተሞሉ። እነዚህ ነፍሳት 17 ዓመት መሬት ውስጥ የዛፍ ሥር ሲጠቡ ኖረው በአንድ ሳምንት የሚወጡ ናቸው። ዓይናቸው ቀይ፣ ክንፋቸው ብርቱካናማ ሥር ያለው። ጩኸታቸው ስልክ አያስወራም ነበር።

ያኔ ነው 250ዲ የምትባለውን ባለ 58 ሚሊ ሜትር አጉሊ ሌንስ የገዛሁት። እንደ ቴሌኮንቨርተር እጥፍ አትቆጥርም፤ ለካሜራው የማንበቢያ መነጽር ማለት ናት። ኃይሏ የሚጻፈው በመደመር ምልክት ነው፤ +4። አንድ ሜትርን ለ4 ሲያካፍሉ 25 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ካሜራው ወደ ሩቅ ባነጣጠረ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታየው እዚያ ርቀት ላይ ያለ ነገር ነው። +2 የተጻፈባት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ታያለች። ሁለቱን ደራርቦ ማሰር ይቻላል፤ ኃይላቸው ይደመራል። ርካሾቹ አንድ መስታወት ብቻ ስላላቸው ጠርዛቸው ይደበዝዛል፤ 250ዲ ግን ሁለት የተጣበቁ መስታወቶች ናት።

ምን ያህል እንደምታጎላ ለማወቅ የካሜራውን ሌንስ እውነተኛ ርዝመት ለ250 ማካፈል ነው። በእኔ ትልቅ ካሜራ 250 ሚሊ ሜትር ዙም ላይ ውጤቱ 1 ነው፤ አንድ ሲካዳ ብቻውን ፎቶውን ሞላው። በወንድሜ ካሜራ ያ ርዝመት 29.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነገር ፎቶውን ይሞላል፤ አንድ አደይ አበባ ከነንቧ።

«የካሜራው ማክሮ አይበቃም?» የሚል ይኖራል። እሱ አብዝቶ የሚያጎላው ዙም ሳይደረግ፣ አፍንጫ እስኪነካ ተጠግቶ ነው። ንቧ ትበራለች፤ ካልበረረችም ካሜራው ራሱ ጥላ ይሆንባታል። በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ግን ንቧ ሥራዋ ላይ ትቆያለች፤ ፀሐዩም ይደርሳታል። ደግሞ የትንሽ ካሜራ ሴንሰር በጥልቀት ጥርት የሚለውን ቦታ ስለሚያሰፋ፣ የንቧ ዓይንም ክንፍም አብረው ይወጣሉ። እኔ በትልቁ ካሜራ ዓይኑን ሳገኝ ክንፉ ይጠፋብኝ ነበር።

ለዘመድ ሌንስ የምትልኩ እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የካሜራው ፊት ቀለበት ይፈታል ወይ? የማይፈታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰርበት ቦታ የለም። የቱቦው ጥርስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ማስፊያ ወይም ማጥበቢያ ቀለበት መግዛት ይቻላል። የሚፈለገው የሩቁን ነው ወይስ የቅርቡን? «X» እና «+» ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሻጩ ራሱ ሲያቀላቅላቸው አይቻለሁ።

የሲካዳዎቹ ልጆች አሁን መሬት ውስጥ ናቸው፤ የሚወጡት በ2038 ነው። አደይ አበባ ግን በየመስከረሙ ይመጣል። 250ዲዋን አጥቤ፣ ክዳኗን ዘግቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫታለሁ። በነሐሴ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። በዚህኛው ካልሲ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ «ዙሙን እስከ መጨረሻ ግፋ፣ ከአበባው አንድ ስንዝር ራቅ» የሚል።