በቅርፊቱ ላይ የተጻፈው

የሀገራችን ሰው ሳይጠይቅ የሚበላ ሕዝብ አይደለም። ከመቅመሱ በፊት ቀኑ የጾም ነው ወይስ የፍስክ ብሎ ያጣራል፤ ሥጋ ከሆነም ማን ባርኮ እንዳረደው ሳያውቅ እጁን አይሰድም። ይሁን እንጂ እንስሳው ከመታረዱ በፊት እንዴት ኖረ የሚለው ጥያቄ በገበታችን ዙሪያ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። እኔም ይህን ጥያቄ የተማርሁት ከአንድ እንቁላል ቅርፊት ነው።

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተማሪ ሳለሁ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ የትንሣኤን በዓል አብረን ለማክበር በቃን። በዋዜማው ለዶሮ ወጡ የሚሆነውን ከሰፈሩ ሱፐርማርኬት ገዝቼ ገባሁ። እናቴ በላስቲክ የተጠቀለለውን ዶሮ አገላብጣ አየችና «ማን ባረከው?» አለችኝ። «አገሩ የክርስቲያን ነው» ብዬ አለፍሁት። ቀጥላም እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሣች፣ በሀገር ቤት ገበያ እንደምታደርገው ሁሉ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያቀናች ትመረምር ጀመር። በዚህ ጊዜ በቅርፊቱ ላይ በቀይ ቀለም የታተመውን ቁጥር አየችው።

«ልጄ፣ ይህ የምን ጽሑፍ ነው?»

«የተጣለበት ቀን ነው፣ እማዬ» አልኋት።

ዋሸኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሱፐርማርኬት የሚሸጥ የዶሮ እንቁላል ሁሉ ከ2004 ጀምሮ የአመጣጡን ምልክት በቅርፊቱ ላይ እንዲይዝ በሕግ ተደንግጓል። የመጀመሪያው አኃዝ የዶሮዋን አያያዝ፣ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ፊደላት አገሩን፣ የተቀሩት አኃዞች እርባታውን ይገልጻሉ። 0 ያለው በተፈጥሮ ግብርና ደንብ ከተያዘች፣ 1 ያለው ወደ ደጅ ከምትወጣ፣ 2 ያለው በቤት ውስጥ በወለል ላይ ከምትዘዋወር፣ 3 ያለው ደግሞ በሽቦ ሳጥን ውስጥ ከምትኖር ዶሮ የተገኘ ነው። እኔ የገዛሁት እንቁላል የመጀመሪያ አኃዙ 3 ነበር።

በዚያን ጊዜ ሕጉ በተራው የሽቦ ሳጥን ውስጥ ለአንዲት ዶሮ የወሰነው ዝቅተኛ ስፋት 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። አንድ ተራ የመጻፊያ ወረቀት ከ620 ካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት አለው። እንግዲህ ዶሮዋ ዕድሜዋን የምትገፋው ከአንድ ገጽ ባነሰ ቦታ ላይ ነው ማለት ነው፤ ክንፏን አትዘረጋም፤ ሲመሽ የምትሰፍርበት ቆጥ፣ የምትጭረውና ላባዋን የምታጥብበት አፈር የላትም። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» የሚለው ተረታችን እንኳ ለእርሷ አይሠራም፤ ካራው ሳትጭር ይመጣባታልና።

ይህን ሁሉ ዐውቅ ነበር። ጀርመንኛ የምማርበት ቋንቋ ስለ ሆነ አላነበብሁም ልል አልችልም። 1 የተጻፈበት እንቁላል በዚያው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር፤ ዋጋው ከፍ ስላለ ግን እጄ ወደ ርካሹ ሄደ። መለያው ዶሮዋን ከሳጥን አያወጣትም፤ «አላውቅም ነበር» የሚለውን የገዢውን ማመካኛ ግን ይወስድበታል። ይህም በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ብሪታኒያዊቷ ሩት ሐሪሰን የእንዲህ ያሉትን እርባታዎች ገመና በመጽሐፍ የገለጠችው በ1964 ነበር። በማግሥቱ ዓመት በፕሮፌሰር ብራምቤል የሚመራው የአገሯ መንግሥት ኮሚቴ፣ እንስሳ ቢያንስ ሊቆም፣ ሊተኛ፣ ሊዞር፣ ራሱን ሊያጸዳና እግሩን ሊዘረጋ ይገባል ሲል ጻፈ። ከዚያች መጽሐፍ አንሥቶ በእንቁላሉ ላይ እስከ ታተመው ቁጥር ድረስ 40 ዓመት አለፈ።

ማታ እንቁላሉ ተቀቅሎ ስንልጥ ቅርፊቱ ከነቁጥሩ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረደ። በሳህኑ ላይ የተደረደሩት እንቁላሎች ነጭና ልሙጥ ሆነው ከየትኛውም ዶሮ የመጡ መሰሉ። የሕጉም ጉድለት እዚሁ ላይ ነው፤ ግዴታው ከነቅርፊቱ በሚሸጠው ላይ ያረፈ ስለ ሆነ፣ በብስኩት፣ በኬክና በፓስታ ውስጥ የተደባለቀው እንቁላል ያን ቁጥር እንዲያሳይ አይገደድም። ይህን እያሰብሁ ውሸቴ ከበደኝና ለእናቴ እውነቱን ነገርኋት።

የያዘችውን እንቁላል ሳታስቀምጥ ዝም ብላ ቆየች። «እኛስ እግሯን አስረን፣ ቁልቁል አንጠልጥለናት አይደል ከገበያ የምንመጣው?» አለች። ጥቂት ቆይታም «ቢሆንም እስከዚያች ቀን ድረስ ዶሮ ነበረች» ስትል ጨመረች።

ይህ አነጋገሯ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የራሳችንን ጭካኔ አልሸፈነችም፤ የሰውንም አላቃለለችም። ከዚያ ወዲህ ተራው የሽቦ ሳጥን በአውሮፓ ኅብረት ከ2012 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ቁጥር 3 ግን አልጠፋም፤ ለአንዲት ዶሮ ቢያንስ 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ቆጥና መጣያ ያለው ሳጥን ምልክት ሆኖ ቀረ። ቁጥሩ ሁሉን አይናገርም። እንቁላል ስለማይጥሉ በተፈለፈሉበት ዕለት ስለሚገደሉት ወንድ ጫጩቶች ቃል አይተነፍስም፤ ጀርመን ይህን ግድያ የከለከለችው በ2022 መጀመሪያ ነው። በሀገራችንም በቢሾፍቱ አካባቢ ትላልቅ የዶሮ እርባታዎች አሉ፤ የከተማው ሰው ዶሮዋን ሳያይ እንቁላሏን መብላት ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ እንዴት ኖረች ብሎ መጠየቅ የባዕድ ቅንጦት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ቦታው ማን ባረካት ከሚለው ጥያቄያችን አጠገብ ነው።

እናቴ ዛሬም በየዓመቱ በትንሣኤ ዋዜማ ስልክ ስደውልላት ስለ ጤናዬና ስለ ሥራዬ ከጠየቀች በኋላ «ዘንድሮስ ቁጥሩ ስንት ነው?» ትለኛለች። እጄ ባጠረባቸው ዓመታት 2 ብያታለሁ፤ በሌሎቹ 1። ሁልጊዜም ከመመለሴ በፊት እንቁላሉን አንሥቼ አነባለሁ።