የፍርሃት ሚዛን

በቋንቋችን «ፈሪ» የሚለው ቃል ክፉኛ የተጠላ ነው። በጨዋታ መካከል እንኳ አንድን ሰው «ፈሪ ነህ» ቢሉት ፊቱ ይለዋወጣል። «ፈሪ ለእናቱ» የሚለው አባባልም ግማሹ ማጽናኛ፣ ግማሹ ፌዝ ነው። ተማሪዎች ሆይ፤ እናንተም ይህን ቃል በመጫወቻ ሜዳም ሆነ በመንደር ውስጥ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ነገር ግን ፍርሃት ሁልጊዜ የድክመት ምልክት ነውን? እኔ ስለዚህ ጉዳይ ያለኝን አስተያየት የለወጡት በተራራ ላይ ሣር እየነጩ የሚኖሩ እንስሳት ናቸው። ስለ እነርሱ ያየሁትንና ያነበብሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

የስሜን ተራሮች ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ይገኛሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ራስ ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የአገሩ አቀማመጥ እንግዳ ነው። ከላይ ሣርና ጅብራ የበቀለበት ሰፊ አምባ ተዘርግቷል፤ አምባው ግን ድንገት ይቆረጥና በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት ወደ ታች የሚወርድ ገደል ይሆናል። ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1978 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ የሚኖሩት በዚህ አምባና በዚህ ገደል ላይ ነው። ነብርና ጅብም በዚያው ይኖራሉ።

የተራራ ሣር በጉልበት ሰጪነቱ ደካማ ምግብ ነው። ስለዚህ በሣር የሚኖር እንስሳ የቀኑን ብዙ ሰዓት ሲመገብ መዋል አለበት። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ለመብላት አንገትን ማጎንበስ ያስፈልጋል፤ አውሬ መምጣቱን ለማየት ደግሞ አንገትን ቀና ማድረግ ግድ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ በሚገባ ማድረግ አይቻልም። ዘወትር ቀና ብሎ የሚጠብቅ እንስሳ ከነብር ቢተርፍ በረሃብ ይጎዳል፤ ዘወትር አጎንብሶ የሚበላም ጠግቦ ሳለ ይበላል። እንግዲህ የተራራ እንስሳ በየዕለቱ የሚፈታው ጥያቄ «ልፍራ ወይስ አልፍራ?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «ምን ያህል ልፍራ? መቼስ? የትስ?» የሚል ነው።

ጭላዳ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚፈታው ተመልከቱ። ሌሊቱን በገደሉ ግድግዳ ላይ በሚገኙ ጠባብ እርከኖች ላይ ተጠጋግቶ ያድራል፤ ነብር እንኳ እዚያ በቀላሉ አይደርስበትም። ሲነጋ ወደ አምባው ወጥቶ በቂጡ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይበላል፤ ከዝንጀሮ ወገን ዋነኛ ምግቡ ሣር የሆነ ሌላ የለም። ይሁን እንጂ ከአፋፉ ብዙ አይርቅም። ርቆ ቢሄድ ምናልባት የተሻለ ሣር ያገኝ ይሆናል፤ መሸሻው ግን ይርቅበታል። ከዚህም በላይ ብቻውን አይሰማራም። አንድ አውራ ከጥቂት እንስቶችና ከልጆቻቸው ጋር ቤተሰብ ይሆናል፤ ብዙ ቤተሰቦችም ተቀላቅለው በመቶ የሚቆጠር መንጋ ይሆናሉ። በመንጋ መካከል ዓይን ብዙ ነው። አንዱ ቀና ሲል ሌላው ያጎነብሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ በጥቂት ጥበቃ ብዙ ይበላል።

አንድ ጊዜ በሳንቃ በር አካባቢ እንዲህ ያለውን መንጋ ለረዥም ሰዓት ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። እኔንም ሆነ ሌሎቹን መንገደኞች ከቁም ነገር አልቆጠሩንም፤ ጥቂት እርምጃ ያህል ቀርበውን ሣራቸውን ይነጩ ነበር። ድንገት ከበጎች ኋላ የመጣ አንድ ውሻ ከጉብታው ላይ ብቅ አለ። ከመንጋው አንዱ ጮኸ፤ ቀጥሎ መሬቱ የተነሣ መሰለኝ። ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ተለጠፉ፤ መንጋው በሙሉ ወደ አፋፉ ሮጦ ከዓይን ተሰወረ። ውሻው ባለቤቱን ተከትሎ ካለፈ በኋላ አንድ ራስ፣ ቀጥሎ ሌላ ራስ ከገደሉ ጫፍ ብቅ አለ። ጥቂት ቆይተው ሁሉም ወደ ሣራቸው ተመለሱ። እኔን የገረመኝ ሽሽታቸው ብቻ አልነበረም፤ ፈጥነው መመለሳቸው ጭምር ነበር። ፍርሃቱ የሚፈለገውን ያህል ቆየ፤ ከዚያ በላይ ግን አልቆየም።

ጭላዳ የሚፈራውን መርጦ እንደሚፈራ የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከመንዝ ይገኛል። በመንዝ የጓሣ አምባ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አብረው ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ሥጋ በል ነው፤ የጭላዳ ግልገል ለመያዝም አቅም አያንሰውም። ሆኖም ዋነኛ ምግቡ አይጥ ስለሆነ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ተሳክቶለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የተሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነበር። ቀበሮውም ይህን ጥቅም የሚያውቅ ይመስል በጭላዳዎቹ መካከል ሲሆን አይሮጥም፣ አያስደነግጣቸውም። አንድ ቀበሮ የጭላዳ ሕፃን በያዘ ጊዜ ግን ዝንጀሮዎቹ ተረባርበው አስጥለውታል፤ እንዳይመለስም አባረውታል። እነዚሁ ጭላዳዎች ውሻ ሲያዩ ወደ ገደል ይሸሻሉ። እንግዲህ ፍርሃታቸው ጥርስ ያለውን ሁሉ በአንድ ዓይን የሚያይ አይደለም፤ የመጣውን ማንነትና አመጣጥ የሚለይ ነው።

ፍርሃት እንደ ኃላፊነትም ይለያያል። ዋልያ የሚገኝበት የተራራ ፍየል ወገን በሌሎች አገሮችም ዘመዶች አሉት። በእነዚህ እንስሳት ዘንድ ደጋግሞ እንደታየው፣ ግልገል ያላቸው እናቶች ሣሩ ቢያንስም ቀጥ ያለውን ገደል ይመርጣሉ፤ ትልቅ ቀንድ ያላቸው ወንዶች ግን ወደ ተሻለው ሣር ራቅ ብለው ይሰማራሉ። ታዲያ እናቲቱን «ፈሪ» ልንላት ይገባልን? እርሷ የምትመዝነው የራሷን ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ገና በእግሩ ያልጸናውን ግልገል ጭምር ነው። ለእርሱ ደኅንነት የምትከፍለው ዋጋ ከራሷ ምግብ ላይ የሚቀነስ ነው።

አውሬው ከነጭራሹ ቢጠፋስ? ለዚህ መልስ የሚሰጠን ከአገራችን ውጭ የተደረገ ጥናት ነው። በሰሜን አሜሪካ፣ ግራንድ ቲተን በሚባሉት ተራሮች አካባቢ፣ ተኩላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጠፍቶ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በስፍራው የሚኖረው ትልቅ የአጋዘን ዘር የተኩላን ድምፅ መፍራት ተወ። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 ተኩላዎች በአቅራቢያው ባለው የሎውስቶን ፓርክ ተለቀቁና ወደ ደቡብ ተስፋፉ። በዚያን ጊዜ ያልጠረጠሩት አጋዘኖች በቀላሉ ተበሉ። ግልገሎቻቸውን በተኩላ የተነጠቁ እናቶች ግን የተኩላ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ነቅተው መጠበቅና መሸሽ ጀመሩ፤ የጠፋው ጥንቃቄ በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ ተመለሰ። እኛስ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንል የለምን? ፍርሃት ካልዘገየ ያድናል፤ ከዘገየም ለሚቀጥለው ጊዜ ትምህርት ይሆናል።

አሁን ወደ ስሜን እንመለስ። ዋልያ በተፈጥሮ የሚገኘው በዚያ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም። ለብዙ ዘመን ይበልጥ ያሳደደው ነብር ሳይሆን ሰው ነው። አዳኞች ተኩሰውበታል፤ እርሻና ከብት ግጦሹን አጥብበውበታል። በእነዚህና በመሰል ችግሮች ምክንያት ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ከሚገኙ የዓለም ቅርሶች ጋር ተመዝግቦ ቆይቷል። ልብ በሉ፤ አንድ ውሻ ዋልያን ሳይነክሰው እንኳ ሊጎዳው ይችላል። ከመልካሙ ሣር ተባሮ ቀኑን በድንጋይ ላይ የዋለ እንስሳ አልሞተም፤ ነገር ግን አልበላም። እናት ካልበላች ወተቷ ያንሳል፤ ወተቷ ካነሰ ግልገሏ ይደክማል። የደጋው እረኛም ቢሆን በጉን ከነብርና ከጅብ ለመጠበቅ ውሻ ያስፈልገዋል፤ እርሱም በበኩሉ የሚፈራው አለው። ስለዚህ መፍትሔው እረኛውን በመርገም አይገኝም፤ የእርሱ ከብት የሚሰማራበትና የዋልያው መዋያ በምክክር ሲለዩ እንጂ።

ተማሪዎች ሆይ፤ ከእነዚህ እንስሳት የምንማረው ፍርሃትን ማጥፋት አይደለም፤ መመዘንን ነው። አንድ ነገር ሲያስፈራችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ለራሳችሁ አቅርቡ። የመጣው ውሻ ነው ወይስ ቀይ ቀበሮ? መሸሻዬ ምን ያህል ቅርብ ነው? በመሸሼስ የማጣው ምንድን ነው? ፈተናን ፈርቶ ሌሊት የሚያጠና ተማሪ ፍርሃቱን በሚገባ ተጠቅሞበታል፤ ፈተናን ፈርቶ ከትምህርት ቤት የሚቀር ግን ገደል ውስጥ ተቀምጦ የሚራብ ጭላዳ ይሆናል። አራተኛ ጥያቄም አለ፤ እርሱም ከሁሉ ይከብዳል። እኔስ ማንን አስፈራለሁ? እኛን ፈርተው ከሣራቸው የሚርቁ እንስሳት እንዳሉ ሁሉ፣ እኛን ፈርተው በክፍል ውስጥ እጃቸውን የማያነሡ ጓደኞችም ይኖሩ ይሆናል። «ፈሪ» ብሎ ከመሳደብ በፊት ያስፈራቸው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።