«አንቺ መናገር አትችይም!» አልኳት

እኔና እሷ አብረን መኖር ከጀመርን ሦስት ዓመት አልፎናል። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ኪራዩን እኩል ነው የምንከፍለው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ታዲያ አንድም ቀን «እኔ ምንህ ነኝ?» ብላኝ አታውቅም። ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ፣ አትሳቁብኝና፣ የመኪና ሬዲዮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። ያረፈችው ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ ልጅቷን ሳስተዋውቃት «ጓደኛዬ ናት፣ ቤት እንጋራለን» አልኩ። እሷ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ያቺን ፈገግታ ያኔ ባውቅባት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

በጥቅምት ሸናንዶዋ በሚባለው ፓርክ ተራራ ላይ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ይሆናልና እማዬን እናሳያት ተባባልን። በሁለት መኪና ልንሄድ ነው። በተራራው ጀርባ ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገድ 105 ማይል ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ስልክ አይሠራም። ያኔ ነው የሥራ ባልደረባዬ «ጂ.ኤም.አር.ኤስ. ግዛ» ያለኝ።

ጂ.ኤም.አር.ኤስ. ማለት ሁለት መኪኖች በቀጥታ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ነው፤ ማማ የለ፣ ካርድ የለ፣ ኔትወርክ የለ። መኪና ላይ የሚገጠም አለ፣ በእጅ የሚያዝም አለ። በአንዳንዶቹ ቻናሎች ላይ እስከ 50 ዋት ድረስ ይፈቀዳል። የኔ 20 ዋት ነው፤ ለወንድሜ ባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ ገዛንለት። «ገዛን» ስል፣ ገንዘቡን የከፈለችው እሷ ናት። ይህን ያዙልኝ!

ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኤፍ.ሲ.ሲ. የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት 35 ዶላር ተቀብሎ ለ10 ዓመት ይሰጣችኋል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ድረስ 70 ዶላር ነበር። ፈተና የለውም፣ 18 ዓመት መሙላት ይበቃል። ደስ የሚለው አንድ ሰው ካወጣ ለቤተሰቡ ሁሉ መሆኑ ነው፤ ሚስት፣ ልጅ፣ እናት አባት፣ አያት፣ ወንድም፣ እህት፣ አጎት፣ አክስት፣ አማት ሳይቀር! የአጎት ልጅ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እኛ አገር ወንድም ነው፣ እነሱ ግን አያውቁትም። ሌላም ሕግ አለው። በየ15 ደቂቃውና ወሬው ሲያልቅ የተሰጣችሁን የጥሪ ምልክት በእንግሊዝኛ መጥራት አለባችሁ። የተደበቀ ትርጉም ያለው መልእክትም ክልክል ነው። እንግዲህ ቅኔ ለምትወዱ ከወዲሁ ይታሰብበት።

ገጠማው አንድ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ኤሌክትሪኩን ከሲጋራ መለኮሻው መውሰድ ይቻላል፤ እኔ ግን ከባትሪው በቀጥታ ስቤ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አደረግሁበት። አንቴናውን፣ ማግኔት ያለውን፣ ጣራው መሐል ላይ ለጠፍኩ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የእጅ ሬዲዮ ይዛችሁ መኪና ውስጥ ብትቀመጡ ቆርቆሮው ድምፁን ይውጠዋል። ትንሽም ብትሆን ውጭ ያለች አንቴና ትበልጣለች። አንቴና ሳትሰኩ ግን ማይኩን እንዳትጫኑ፤ ሬዲዮው ሊቃጠል ይችላል።

እዚያው መኪናው ውስጥ እየሞከርን ሳለን እሷ ማይኩን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። እኔም አዋቂ መስዬ «አንቺ መናገር አትችይም። ፈቃዱ ለቤተሰብ ነው» አልኳት።

እጇን ሰበሰበች።

«እናትህ መናገር ትችላለች?»

«አዎ፣ እናት እኮ ናት።»

«የወንድምህ ሚስትስ?»

«አዎ።»

«እና እኔ ምንህ ነኝ?»

መልስ የለኝም። «ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኩ። ሕጉ ፍቅረኛ አይልም፣ እውነት ነው። ግን ሕጉን የጠየቀው ማን ነበር?

በዚህ ኩርፊያ ላይ እያለን ማክሰኞ ጠዋት ወጣን። እማዬ ከወንድሜ ጋር ናት፤ ሬዲዮውን እንደ ሕፃን ወዳዋለች። «እናንተ ልጆች፣ ትሰሙኛላችሁ? ይሄን ቀይ ዛፍ አያችሁት?» ትላለች። እኛ መኪና ውስጥ ግን የሚናገር የለም። በመሐል የማናውቃቸው ልጆች በዚያው ቻናል መጥተው ይንጫጩ ጀመር። ተናድጄ የሬዲዮውን ቶን ከፈትኩ። ቶን ማለት ያንኑ ምልክት የማይልክ ሰው ድምፅ እንዳይሰማ የሚያደርግ ነው። ብዙ ሰው ሚስጥር የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ አይጠብቅም። ሌላው እናንተን ይሰማል፣ የማትሰሙት እናንተ ናችሁ። የወንድሜም ሬዲዮ ቶን የለውም። «በኋላ እነግረዋለሁ» ብዬ ተውኩት።

እነሱ ፎቶ ሊነሱ ቆሙ። እኛ ቀድመን ማይል 24 አጠገብ ኤልክዋሎው የሚባል የሽርሽር ቦታ ደርሰን ምሳውን ልናወጣ ጠበቅን። ሃያ ደቂቃ አለፈ። «የት ቀራችሁ?» ብዬ ጠራሁ። ዝም። ደግሜ ጠራሁ። ዝም። ፎቶ ላይ ናቸው አልኩ።

እሷ ሬዲዮውን አፍጥጣ ታያለች። «ይሄ አረንጓዴ መብራት ለምንድን ነው ብልጭ የሚለው?»

«ሌሎች ሰዎች ናቸው፣ ተይው።»

«አንተ በጠራህ ቁጥር ወዲያው ነው እኮ የሚበራው!»

«አትንኪው አልኩሽ!»

ነካችው። ቶኑን የሚያልፈውን ቁልፍ ተጫነች፤ ለካ የመመሪያውን መጽሐፍ ከእኔ በፊት አንብባዋለች። የወንድሜ ድምፅ እየተቆራረጠ ወጣ። «...እሰማሃለሁ እያልኩህ ነው እኮ! ጎማ ፈንድቶብናል... እማዬ ላብ በላብ ሆናለች... እጇ ይንቀጠቀጣል...»

ደሜ ቀጥ አለ። እማዬ ስኳር አለባት። ምሳ ደረሰ ብላ ኢንሱሊኗን ወግታለች፤ መርፌው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ምሳውና ጁሱ ግን እኛ መኪና ላይ! ጣፋጭ ነገር እነሱ ጋ የለም።

ማይኩን ማን እንዳነሳው አላየሁም። «ሰማንህ! ማይል ስንት ላይ ነህ? ከመንገዱ ዳር የቆመውን ድንጋይ እይ» ስትል ብቻ ሰማሁ። ሃያ አለ። እኔ መኪናውን አዙሬ ስነዳ እሷ አንዴም ማይኩን አልለቀቀችም። «እማማ፣ አይተኙብኝ። ጉለሌ የት ጋ ነው ቤትዎ? አዎ፣ አባቴም እዚያው ናቸው። የሰፈሩን ስም ይንገሩኝ እስቲ።» የእማዬ ምላሽ እየዘገየ፣ እየቀጠነ ይመጣል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። ስንት እንደነዳሁ አልናገርም።

ደረስን። ጁሱን በሁለት እጇ ይዛ ያጠጣቻት እሷው ናት። ከሩብ ሰዓት በኋላ የእማዬ ፊት ተመለሰ። ከዚያ ዞር ብላ አየቻትና «በሬዲዮ ስታወሪኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ? ማን ነሽ አንቺ፣ ልጄ?» አለቻት።

እኔ ቆሜያለሁ። ወንድሜ ያየኛል። አፌን ለመክፈት አምስት ሰከንድ ፈጀብኝ፤ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ግን እሷ ቀደመችኝ።

«ቤት የሚጋራኝ ጓደኛው ነኝ፣ እማማ።»

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ሬዲዮ ብቻ አወራኋት። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ማንም ሰው በባለፈቃዱ ሬዲዮ መናገር እንደሚችል ሕጉ ራሱ እንደሚፈቅድ ነገርኳት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ። «አደጋ እስኪመጣ ነው እንግዲህ የምጠብቀው?» አለችኝ።

ማታውኑ ኮምፒዩተር ከፍታ 35 ዶላሯን ከፈለች። አሁን የራሷ የጥሪ ምልክት አላት፤ ለ10 ዓመት። በሁለቱም ሬዲዮ ላይ ቶኑን ያጠፋችውም እሷ ናት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ዘመዶች ላኩልን እንዳትሉን፤ የዚህ አገር ፈቃድ እዚያ ዋጋ የለውም። እዚያ የመገናኛ ሬዲዮ ለመያዝ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

እማዬ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ያልነገርኳትን ሁሉ ነገርኳት። ለካ ያን ቀን ማይል 20 ላይ ገብቷት ኖሯል። ጉለሌ ወደ ልጅቷ አባት ቤት የሚላኩ ሦስት ሽማግሌዎች አስባለች። ለእሷ ግን ገና ትንፍሽ አላልኩም። ይህን ዓምድ ደግሞ ሁሌም ከእኔ ቀድማ ነው የምታነበው፤ ዛሬ ማታ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝን እንጃ!