ጉልበት ያለው ሁሉ አይመታም፣ የፈጠነ ሁሉ አይጥልም!

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅርና ትዳር አይደለም፤ ስለ ጡጫና እርግጫ ነው። «እኔን ምን አገባኝ?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ልጁን ወይ ወንድሙን ቴኳንዶ የሚልክ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል።

ቴኳንዶ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። እንደታዘብኩት ጀማሪ ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጡንቻውን የሚያመልክ፣ «አንዴ ካገኘሁት አለቀለት!» ባይ ነው። ክንዱን ወደኋላ ስቦ፣ ትከሻውን አደንድኖ እስኪመጣ ተጋጣሚው ሻይ ጠጥቶ ይጨርሳል። ሁለተኛው እንደ ዝንብ ጥልቅ ብሎ ይወጣል። አስር ጊዜ ይነካል፣ አንዱም አይሰማም።

ለመሆኑ የቱ ይበልጣል? ሃይስኩል የተማርነውን ፊዚክስ እናስታውስ። የሚመታው አካል ክብደት እጥፍ ቢሆን የምቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው! ታዲያ ፍጥነት አሸነፈ ማለት ነው? አይደለም። እጅ ብቻውን ቢፈጥን ጥፊ እንጂ ምት አይሆንም፤ ከኋላው ሰውነት መከተል አለበት። ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ሎንግ ቢች ላይ ጡጫውን ከሰውየው ደረት አንድ ኢንች ያህል ብቻ አርቆ መትቶ ወደኋላ ወርውሮታል። ግዙፍ ሰው አልነበረም። ኃይሉ የመጣው ከክንዱ ብቻ ሳይሆን መሬት ከረገጠው እግሩ፣ ከዳሌውና ከወገቡ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውላችሁ። አንደኛ፣ እስክትመቱ ድረስ ትከሻችሁን ልቀቁት። የተወጠረ ጡንቻ ራሱን ይጎትታል። ጡጫውን መጨበጥ፣ ትንፋሽን ማውጣት በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ሁለተኛ፣ ዳሌያችሁን አዙሩ። ሦስተኛ፣ የላካችሁትን እግር ቶሎ መልሱ፤ የዘገየ እግር ይያዛል። አራተኛ፣ የመጀመሪያው ምት ቀላልና ፈጣን ይሁን፤ በር ይከፍታል። ከባዱ ተከትሎ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በክለባችን ቀን ቀን ሲሚንቶ ሲሸከም የሚውል አንድ ወጣት ነበር። ጉልበቱ የበሬ ነው፣ ግን ዘገምተኛ ስለሆነ ፈጣኖቹ ይጫወቱበታል። ይሄ ነገር ውስጥ ውስጡን በላው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ልምምድ ላይ አስራ አምስት ዓመት ያልሞላውን ባለ ቢጫ ቀበቶ ልጅ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎኑን ረገጠው። የልጁ የጎን አጥንት ተሰነጠቀ።

በማግስቱ እናትየው መጡ። «እኔ ልጄን ለስፖርት እንጂ ለጠብ አልላክሁትም» አሉ። አዳራሹ ጭጭ አለ።

አሰልጣኛችን ወጣቱን አልጮኸበትም። «ስማ ልጄ፣» አለው፣ «ያ ልጅ ጠላትህ አይደለም። እንድትማርበት ሰውነቱን ያበደረህ ሰው ነው። የተበደርከውን በደህና ካልመለስክ ነገ ማን ያበድርሃል?»

ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ለሁለት ወር ከማንም ጋር እንዳይገጥም ተደረገ። ጉልበቱን በተንጠለጠለው ከረጢት ላይ ጨረሰው፤ ፍጥነቱን ደግሞ በባዶ አየር፣ እግሩን ግድግዳው ጋ ሳይደርስ እያቆመ ተማረው። ማቆም የቻለ እግር ደግሞ ፈጠነ! ምክንያቱም ለማቆም ሰውነትን ማላላት ያስፈልጋል።

ልጁም ሐኪም ሲፈቅድለት ተመለሰ። መጀመሪያ የገጠመው ከማን ጋር መሰላችሁ? ከዚያው ወጣት ጋር! እናትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ጨብጠው ያዩ ነበር። የወጣቱ እግር የልጁን ደረት መከላከያ ጠብ አድርጎ ተመለሰ። እሳቸውም ትንፋሻቸው ተመለሰ።

«ውድድር ላይስ?» የሚል ይኖራል። ውድድር ሌላ ነው። በኦሎምፒክ ከ2012ቱ የለንደን ውድድር ጀምሮ የደረት መከላከያው በኤሌክትሮኒክስ ይቆጥራል፣ በቂ ኃይል የሌለውን ምት ነጥብ አይሰጠውም። ፊትን በቡጢ መምታት ደግሞ በዚያው ሕግ ክልክል ነው። ልምምድ ላይ ግን ነጥብ የሚቆጥር የለም፤ የሚቆጠረው ነገም ተመልሶ የሚመጣው ጓደኛችሁ ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ ተመልከቱ። ትልቁ ትንሹን ሲደበድብ ዝም የሚል አሰልጣኝ ካያችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ካዞረው፣ ካስታወከው ወይ ራሱን ካመመው የዚያን ቀን ልምምድ አበቃ፤ ሐኪም ይየው።

ቸር እንሰንብት!